ለአያ ታከለ የሰጠሁት ኮምፖስት

ትናንት ረፋድ ላይ አያ ታከለ ደጃፍ ቆሜ፣ ላንኳኳ እጄን አነሳና መልሼ አወርድ ነበር... ሦስት ወር ሙሉ የዋጥኩትን ነገር ልነግራቸው ነው የሄድኩት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ዳንግላ አስተማሪ ነኝ። አያ ታከለ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰባን ያለፉ፣ በጓሯቸው ድንችና ነጭ ሽንኩርት እያለሙ የሚኖሩ ሽማግሌ። ከእሳቸው ጓሮ ቀጥሎ፣ ትንሽ ቦይ ተሻግሮ፣ የታናሽ ወንድማቸው የአያ ደሴ ቤት ነው። አያ ደሴ ከቆላው፣ ከጫግኒ፣ የከብት ድርቆሽ እያመጡ ይሸጡ ነበር። ወንድማማቾቹ አንዱ ያለ ሌላው ምሳ አይቀምሱም ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ ሥልጠና ላይ ኮምፖስት አሠራር ተምሬ መጥቼ ሰፈሩን ሁሉ ካላስተማርኩ ብያለሁ። ገበያ ላይ የተጣለ ጎመን፣ የድንች ልጣጭ፣ አመድ፣ የበግ በጠጥ... ያገኘሁትን እለቅማለሁ። የኮምፖስቱ ጉድጓድ አልሞላ ሲለኝ ከመናኸሪያው ጀርባ የበቀለውን ለምለም አረም አጭጄ በጆንያ ተሸክሜ ጨመርኩበት። ጥቃቅን ነጭ አበባ ነበረው። እንዲያውም ያምራል ብያለሁ።

ግንቦት ላይ ሁለት ጆንያ ኮምፖስት ለአያ ታከለ ሰጠኋቸው።

«ማዳበሪያ እንዲህ በጠፋበት ጊዜ... እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ!» ብለው መረቁኝ።

ሐምሌ ላይ ድንቹን ቀድሞ አንድ የማይታወቅ አረም ጓሯቸውን ሞላው። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተበጣጠሰ ነው። በባዶ እጃቸው ሲነቅሉ ሰነበቱ። እጃቸው እስከ ክርናቸው አበጠ፣ ዓይናቸው ተደፈነ፣ ደረታቸውን እያፈናቸው መተኛት አቃታቸው። ላማቸው ከተነቀለው በላችና ወተቷ መረረ። አረሙ ግን ተነቅሎ በሳምንቱ እንደ አዲስ ይወጣል።

የግብርና ባለሙያ መጥቶ አየው። «ቅንጬ አረም ነው» አለ። «ከቆላ ነው የሚመጣው። ከመኖ ጋር፣ ከመኪና ጎማ ጋር...»

አያ ታከለ «ከመኖ» የምትለዋን ብቻ ሰሙ።

በዚያው ቀን ቦዩ ዳር ቆመው ወንድማቸውን ጠሩ።

«የጫግኒ ድርቆሽህ ነው! መሬቴን ገደልክብኝ!»

«አያ፣ በሚካኤል እልሃለሁ፣ አንዲት ዘለላ ሳር ወዳንተ አላሻገርኩም...»

«ከእንግዲህ ወንድም የለኝም!»

ሽማግሌ ተላከ። አልሆነም።

ነሐሴ ላይ ጉድጓዴን ላገላብጥ ስሄድ፣ ጥጉ ላይ ያው የካሮት ቅጠል የመሰለው አረም ተደርድሮ በቅሏል። ክው አልኩ። የመናኸሪያው አረም... ዘሩ ሳይበሰብስ ነበር ከኮምፖስቱ ጋር የሰጠኋቸው።

ምን አደረግሁ? ነቅዬ አቃጠልኩት። ከዚያ ዝም አልኩ። «መምህርቷ መርዝ አደለችን» እንዳይሉኝ ፈራሁ። በየሳምንቱ ጓንት አጥልቄ አያ ታከለን አረም አግዛለሁ፤ እሳቸው ይመርቁኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ አሜን ነው።

ጥቅምት ላይ አያ ደሴ ከጫግኒ ወባ ይዟቸው ተመለሱ። በአምስተኛው ቀን አረፉ። አያ ታከለ ለወንድማቸው ቀብር አልወጡም። በር ዘግተው ዋሉ። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ... እኔም ከለቀስተኛው መሃል ነበርኩ።

ትናንት እንግዲህ አንኳኳሁ። ከፈቱልኝ። ከአረም ላይ ነው የተነሱት፤ እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለዋል።

«አያ... አረሙ ከአያ ደሴ አይደለም የመጣው። እኔ ከሰጠሁዎት ኮምፖስት ነው።»

ሁሉንም ዘረገፍኩት። ፌስታሉን ከእጃቸው ቀስ ብለው አወለቁ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ነሐሴ።»

«ደሴ የሞተው ጥቅምት ነው።»

«አዎ...»

አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በጓሮው በኩል እስከ ቦዩ ሄዱና ቆሙ። አልተሻገሩም።

«ሂጂ ለሚስቱ ንገሪያት» አሉኝ። «እኔ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ሄድኩ። የአያ ደሴ ባለቤት እትዬ ስንዱ ጥቁር ለብሰው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ፣

«እሱ እኮ አምኖ ነው የሞተው» አሉ።

«ምኑን?»

«ድርቆሼ ነው፣ ወንድሜን የጎዳሁት እኔ ነኝ እያለ። መጀመሪያ ምሎ ነበር፤ ኋላ ሲቆይ ራሱን ተጠራጠረ። በመጨረሻዋ ቀን ‹አያን ይቅር በለኝ ብሎሃል በይልኝ› አለኝ። ሄጄ የአያን በር አንኳኳሁ... አልከፈተልኝም።»

ይሄን መልእክት ይዤ ተመለስኩ። ሁለተኛ ዝም ለማለት አቅሙም ድፍረቱም አልነበረኝም። ቦዩ ዳር እንደቆሙ ነገርኳቸው።

 አያ ታከለ የወንድማቸውን ስም እየጠሩ፣ በእናት ቋንቋቸው በአዊኛ፣ በሙሉ ድምፃቸው ማልቀስ ጀመሩ። ጎረቤቱ አዲስ መርዶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጣ።

«ማን ሞተ? ማን ነው የሞተው?» ይሉኛል። 

አረሙን ለመንቀል ሌላ ክረምት ይመጣል... ለአያ ደሴ እውነቱን የምነግርበት ቀን ግን የለም።