ረጅሙ ሰውዬ የጠነሰሰው

ጋዜጠኛ መሆኔን ለፖሊሶቹ ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። ሦስተኛ ጊዜ ልናገር ስል እጄ በፕላስቲክ ማሰሪያ ወደ ኋላ ታስሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በጋ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ሰልፍ ልዘግብ ወጥቼ ከሰልፈኞቹ ጋር ተያዝኩ።

የታሰርንበት ክፍል አራት አልጋ አለው። በኮሮናው ምክንያት ጠዋትና ማታ ወለሉ ላይ በረኪና ይፈሳል፤ ዓይን ያቃጥላል። አብረውኝ የገቡት አንድ ያገሬ ሰው ናቸው፤ ስልሳ ያለፋቸው የካዚኖ ዕቃ አጣቢ፣ ከሺፍት ወጥተው ሰልፉን የተቀላቀሉ። ቀድመው የነበሩት ሁለት ናቸው፤ አንድ ዝምተኛና አንድ ደረተ ሰፊ ረጅም ሰውዬ።

በማግስቱ ከሰዓት ረጅሙ ከአልጋው ሥር ጀሪካን አወጣ። የብርቱካን ጭማቂና ዳቦ ደብቆ ጠንስሷል። በኩባያ ቀድቶ ለሽማግሌው ዘረጋ።

«አዲስ የገባ ቀድሞ ይጠጣል። ያልጠጣ እዚህ በሰላም አይቀመጥም።»

ጋሼ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው አሸተቱ። «ልጄ፣ በረኪና በረኪና ይላል» አሉኝ በአማርኛ። «ግራዋ ቅጠል ባጣሁ ጊዜ የጠላዬን በርሜል በበረኪና አጥቤ ጠላውን ሁለቴ ደፍቻለሁ። ባጥነውም አልለቀቀም። አልጠጣም በለው።»

«ጋሼ፣ ይመታዎታል።»

«በለው።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ረጅሙ ተነሣ።

«ማን ነኝ ይላል?»

«ዕቃ አጣቢ ነኝ በለው። ጀሪካኑን ከየት አመጣው? ካላመነኝ ራሱ ቼክ ያድርግ።»

ረጅሙ ጀሪካኑን ከጽዳት ዕቃዎች መሀል ያነሣው ነበር። ኩባያውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ደግሞ አሸተተ። ፊቱ ተለወጠ።

«ምንም አይሸተኝም» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት።

«ከትናንት ወዲያ።»

ያን ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ዝምተኛው ወደ ግድግዳው ሸሸ። ጋሼ ግን ማስካቸውን መለሱ፣ ኩባያውን ከእጁ ተቀብለው ጀሪካኑ ውስጥ ካለው ጋር ሽንት ቤት ደፉት። ሰውዬውን በምልክት አልጋው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የብረቱን በር በመዳፋቸው ይደበድቡ ጀመር። ጠባቂው በመስታወቱ በኩል መጥቶ «ጠብቁ» ብሎ ሄደ። አላቆሙም። የእስር ቤቱ ነርስ ስትደርስ መዳፋቸው አብጦ ነበር።

ክሱ በኋላ ተነሣልኝ። ስለ እስሩ በጻፍኩት ዘገባ የተያዝንበት ሰዓት አለ፣ ማሰሪያው አለ፣ የጋሼም በር መደብደብ አለ። «አንድ እስረኛ ወደ ግድግዳው ሸሸ» የሚልም አለ። ይህ መታረም አለበት። የሸሸነው ሁለት ነበርን።