የዶኛ ኩካን ድስት የነካ ማነው?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ዶኛ ኩካ ይህን ሲተርቱ የሰማ የለም፤ ሲኖሩበት ግን መላው የሳንታ ቴሬ ሠፈር አይቷል። ጠዋት የቢሮቴው፣ የደረቁ ዳቦ፣ ጆንያ ሲመጣ ዳቦውን አንድ በአንድ በጣታቸው ያንኳኩታል። ቅርፊቱ ካልጮኸ ተመላሽ ነው። መረቅ ሲነካው ገንፎ የሚሆን ዳቦ በመረቅ ለሚነከረው ሳንድዊች፣ ለቶርታ፣ ምን ይሠራል? ዳቦ ጋጋሪውም ለምዶታል፤ አንኳኩተው እስኪጨርሱ ጥግ ይዞ ሲጋራውን ያጨሳል። ሎሚ ሻጩን ደግሞ "ከሥር የደበቅከውን አምጣ!" ይሉታል። ከሥር ሲያወጣላቸው "ለማን ደብቀኸው ነበር?" ብለው እንደ አዲስ ይጣሉታል።

አይፈረድባቸውም። ልጃቸው ራሚሮ ገና ጡት ሳይጥል ባላቸው "ሎሚ ገዝቼ ልምጣ" ብሎ ወጣ። ቀጥሎ ድምፁ የተሰማው ከቲኋና፣ ከድንበሩ ከተማ፣ በስልክ ነው። ዶኛ ኩካ አላለቀሱም፣ አልተሳደቡም፤ "ሎሚውስ?" ብለው ጠይቀው ስልኩን ዘጉት ይባላል። ከዚያ ሕፃኑን አዝለው፣ ጋሪ እየገፉ መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ቆሙ። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

ቶርታቸውን የቀመሰ ያውቀዋል። ደረቁ ቢሮቴ ይሰነጠቅና ተቀቅሎ የተፈጨ ቦሎቄ ይቀባል፣ በራሱ ስብ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ይጠቀጠቅበታል፣ ከዚያ ትኩሱ የቲማቲም መረቅ በጭልፋ ይወርድበታል፣ እስኪሰጥም ድረስ። በርበሬው ለብቻው ነው፤ ልብ ያለው ይጨምር። ጠጥቶ ያደረ፣ ፍቅረኛው የከዳችው፣ ቡድኑ የተሸነፈበት፣ ከቀብር የተመለሰ፣ ሁሉም ያቺ የጋሪዋ ሸራ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ መረቁ በክንዱ እየወረደ ይበላል። አንጀት ያርሳል። ባሏን የቀበረች ሴት በልታ ስትጨርስ "አሁን ቤቴ መግባት እችላለሁ" ስትል ተሰምታለች።

ሚስጥሩ ሁሉ መረቁ ነው፤ መረቁን ደግሞ ከዶኛ ኩካ በቀር የሚነካው የለም። የራሚሮ ሚስት ይሴኒያ ከተዳረች ጀምሮ አብራቸው ትሠራለች። ዳቦ ትሰነጥቃለች፣ ሥጋ ትከትፋለች፣ ሽንኩርት በሎሚ ታሻለች። ድስቱ ጋ ግን እጇ አይደርስም።

"ይሄ ድስት ስሜ ነው" ይሏታል። "ከዚህ ድስት የተነሣሁ ቀን ቀባሪ ጥሪልኝ።"

"እሺ እማማ" ትላለች ይሴኒያ፣ ዓይኗን ሳታነሣ። ይህ "እሺ እማማ" ነው ዶኛ ኩካን የሚያንገበግባቸው። እንዲህ የሚታዘዝ ሰው ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር አለ ብለው ያምናሉ።

ነገሩ የጀመረው ከገና በኋላ ነው። ክፉ ጉንፋን ጥሏቸው ሰነበቱና ተነሡ። ሲነሡ መረቁ ውሃ ውሃ አላቸው። ያው ቲማቲም፣ ያው እጅ፣ ያው ድስት፤ ጣዕሙ ግን የለም። በርበሬው ያቃጥላል፣ ማቃጠሉን አልተወም። ከማቃጠሉ ጋር የሚመጣው ያ ሌላው ነገር ነው ድራሹ የጠፋው። እንግዲህ አንድ ሰው አታልሏቸዋል ማለት ነው። ማን?

መጀመሪያ የተያዘው ቅመም ሻጩ ዶን ፌርሚን ነው።

"ያምናውን በርበሬ ነው የሸጥክልኝ!"

"ኧረ ዶኛ ኩካ፣ በዚህ ሳምንት ነው ከያዋሊካ የገባው!" ዛላውን በጣቶቹ መሃል ፍርክስክስ አድርጎ አፍንጫው ሥር ቢያደርገው በሳል ፍርፍር አለ። "ይኸው! ይሄ ያምና ነው?"

"ሳልህማ የሲጋራ ነው። ኦሬጋኖህስ? ገለባ! ለበግ እንኳ አይሆንም!"

"ገለባ?" አለ ፌርሚን። ኦሬጋኖውን አሸተተ፣ እሳቸውን አየ፣ እንደገና አሸተተ። ሌላ ቀን ቢሆን ይመልስላቸው ነበር፤ ያን ቀን ዝም አለ። ሌባ ሲነቃበት ዝም ይላል ብለው ዶኛ ኩካ ኦሬጋኖውን ፊቱ ላይ በትነው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መረቃቸው ውስጥ ኦሬጋኖ አልገባም። በምትኩ ጨው ጨመሩ። ውሃ ውሃ ሲላቸው ደግመው ጨመሩ።

አንድ ቀን ደግሞ ዶን አቡንዲዮ ቶርታውን ግማሽ በልቶ ግማሹን ተወው። አቡንዲዮ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ምሳውን ሌላ ቦታ በልቶ አያውቅም፣ ሳህኑንም በዳቦ ጠርጎ ነው የሚመልሰው።

"አንተ አቡንዲዮ፣ የማን ጋሪ ላይ በልተህ መጣህ?"

"ኧረ ሆዴን አመመኝ፣ ዶኛ ኩካ። ውሃ ይኖራል?"

"አንተ ድንጋይ ብትበላም ሆድህን አያምህም!"

አቡንዲዮ ውሃውን አንድ ትንፋሽ ጠጣና ይሴኒያን አያት። ይሴኒያም አየችው። ዶኛ ኩካ ሁለቱንም አዩዋቸው። ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

ሰው እየቀነሰ ሄደ። ሳህኖች ምግብ ይዘው ይመለሱ ጀመር። ዶኛ ኩካ በሰልፉ ማጠር ልባቸው ተቆረጠ። ያቺ ጥግ ከሄደች ምን ቀራቸው? ሌላ ነገር አያውቁ፣ ሌላ ስም የላቸው። ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ሰው ተመለሰ፣ ሰልፉ እስከ ጋዜጣ መሸጫው ደረሰ፣ ሳህን ተጠርጎ መጣ። ደስ ሊላቸው ሲገባ ባሰባቸው። ምክንያቱም መረቁን ሲቀምሱት ያው ውሃ ነው! ውሃ እየበሉ "እጅዎን ይባርከው" የሚሉት ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?

ያን ጊዜ ይሴኒያን ልብ ብለው ማየት ጀመሩ። የሽርጧ ኪስ ውስጥ የታሰረች ጨርቅ አለች። ከቤት ስትመጣ ክዳን ያለው ባልዲ ይዛ ትመጣለች፤ "ምንድነው?" ሲሏት "የዕቃ ማጠቢያ ውሃ" ትላለች። እኩለ ቀን በደረሰ ቁጥር ደግሞ እሳቸውን የምታርቅበት ሰበብ አታጣም፤ "እማማ፣ ሎሚ ጎደለን"፣ "እማማ፣ ፀሐዩ ከበደ፣ ቤተ ክርስቲያን ገብተው አረፍ ይበሉ።" ከመቼ ወዲህ ነው ምራት ለአማት ፀሐይ የምታዝን?

ነገሩ በራላቸው። መተት ነው። ከገበያው ጀርባ ከሚቀመጡት ዕፅ ሻጮች ገዝታ ሰዉን እያፈዘዘች ነው። ዛሬ ደንበኛውን፣ ነገ ድስቱን፣ ከነገ ወዲያ ጥጉን ትወስዳለች።

ለራሚሮ ነገሩት።

"እማዬ፣ በፈጠረሽ! ሚስቴ እኮ ናት!"

"አባትህስ ባሌ አልነበረም?"



እሑድ ሆነ። ይሴኒያ "እማማ፣ ቅዳሴው ሊጀመር ነው፣ ይሂዱ እኔ እጠብቃለሁ" ስትላቸው ዶኛ ኩካ እንደ በግ እሺ አሉ። ነጠላ ነገራቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው በዋናው በር ገቡ፣ ለእመቤታችን አማተቡ፣ በጎን በር ወጡ። ጫማ ሰፊው ቤት ገብተው ከተሰቀሉት ቦት ጫማዎች ጀርባ ተቀመጡ። ጫማ ሰፊው አፉን ሊከፍት ሲል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሰውዬው ፊቱ ፍም መሰለ፤ እሱም ያውቃል ማለት ነው!

ከዚያ ያዩትን አዩ። ጋዜጣ ሻጩ ተነሥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋና በር ፊት ለፊት ቆመ፤ ዘብ ነው። ለይሴኒያ ራሱን ነቀነቀላት። ሰልፉ ሳይነገረው ባለበት ቆመ፣ ማንም "ቶሎ በይ" አላለም፤ የለመዱት ሥራ ነው የሚመስለው። ይሴኒያ መረቁን ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች። በማንኪያ ለአቡንዲዮ ሰጠችው፤ ቀምሶ ራሱን ወዘወዘ። ይሄኔ ያ መረቅ፣ ዶኛ ኩካ ሲነጋ ጀምሮ ቆመው የሠሩት መረቅ፣ ግማሹ ቆሻሻ መድፊያ ውስጥ ተደፋ። ከባልዲው ቀይ ነገር ተጨመረበት። ከዚያ እጇ ወደ ኪሷ ሄደ።

ዶኛ ኩካ መንገዱን እንዴት እንደተሻገሩ አያውቁትም። አንድ ሞተር ብስክሌት ጥሩምባ ነፍቶባቸዋል፤ አልሰሙም።

"እጅሽን!" አሉ። "ያዝኩሽ! ጠርጥሬ ነበር! ጠርጥሬ ነበር!"

ጭልፋው ከይሴኒያ እጅ ወደቀ። ሰልፉ ድርቅ አለ። ጋዜጣ ሻጩ ዞሮ ሲያያቸው በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

"ኪስሽ ውስጥ ያለውን አውጪ።"

ይሴኒያ አወጣች።  ዶኛ ኩካ ጨርቁን በጥርሳቸው ፈቱት፤ የደቀቀ ደረቅ ቅጠል ነው።

"ምንድነው?"

"ኦሬጋኖ ነው፣ እማማ።"

"ሞኝሽን ፈልጊ!" አፍንጫቸውን ከተው እስከ ሳንባቸው ሳቡ። ምንም። "ኦሬጋኖ እኔ አላውቅም? ይሄ ሽታ የለውም! አፈር ነው፣ የጠንቋይ አፈር!" ወደ ሰልፉ ዞሩ። "አፍዝዛችኋለች! ምስክር ሁኑኝ! አሽትቱት!"

ማንም እጁን አልዘረጋም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከሰልፉ ጫፍ ግን አንድ ጎረምሳ፣ ጠጥቶ ያደረ፣ ሸሚዙን ገልብጦ የለበሰ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"ዶኛ፣ ፖዞሌ ሾርባም ጀመራችሁ እንዴ? ኦሬጋኖው እዚህ ድረስ አወደኝ እኮ!" አለ።

ዶኛ ኩካ አፍጥጠው አዩት። ይህን ልጅ አያውቁትም። የሠፈሩ ሰው አይደለም። ከይሴኒያ ጋር ሊዶልት አይችልም፣ የት አውቋት? አንድም የሚጠረጥሩበት ምክንያት ቢፈልጉ አጡ።

ጨርቁን እንደገና አፍንጫቸው ላይ ደፈኑት። ምንም። ሎሚ አንሥተው በጥፍራቸው ላጡት። ምንም። የሥጋው መጥበሻ ላይ ጎንበስ አሉ፤ ሙቀቱ ፊታቸውን መታው፣ ሽታው ግን የለም። ያን ጊዜ ፈሩ። ባላቸው ሲጠፋ እንኳ እንዲህ አልፈሩም።

አቡንዲዮ ቆቡን አውልቆ ቀረብ አለ።

"ጉንፋኑ ነው፣ ዶኛ ኩካ። ከዚያ ወዲህ ነው።"

"ማን ማን ያውቃል?"

 ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ቅመም ሻጩ ያውቃል፣ ዳቦ ጋጋሪው ያውቃል፣ ጫማ ሰፊው ያውቃል። እንደጠረጠሩት ነው፤ ሠፈሩ በሙሉ አሲሮባቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ሲፈልጉት የኖሩትን ሴራ አገኙት፣ ዘብ ሳይቀር የቆመለትን። እሱም ይኼ ሆነ።

"አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?" አሉ። "አንድ ሰው?"

"ቢነገርዎ ያምኑ ነበር?" አለ አቡንዲዮ።

"እኔ ፈራሁ፣ እማማ" አለች ይሴኒያ፤ እንባዋ ወርዷል። "ድስቴን ልትነጥቀኝ ነው ይሉኛል ብዬ።"

"እላለሁ እንጂ! አሁንም እላለሁ!" ብለው ጮኹባትና መጮኹ አልዘለቀላቸውም። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። "ሂዱ። ዛሬ የለም። ከእንግዲህም የለም።"

ማንም አልሄደም። ጎረምሳው አጠገቡ ያለችውን ሴት "ምን ተፈጠረ?" ብሎ ጠየቃት፤ በክርኗ ጎሸመችው። መረቁ ሳይስተካከል ድስቱ ላይ መንቸክቸክ ጀመረ። ሊያር ነው። ዶኛ ኩካ ሌላውን ሁሉ ቢችሉ ይህን ቁጭ ብለው ማየት አልቻሉም፤ ተነሥተው ጭልፋውን አንሥተው አጠቡ፣ እሳቱን ቀነሱ፣ አማሰሉ። ከዚያ በማንኪያ ጨልፈው፣ እፍ ብለው፣ ማንኪያውን ይሴኒያ አፍ ላይ ደቀኑት።

"ቅመሺ።"

ቀመሰች።

"ብትዋሺኝ ወዮልሽ።"

ይሴኒያ ሰልፉን አየች፣ አቡንዲዮን አየች። "ጨው በዝቷል፣ እማማ።"

ይህን ቃል በዚያ ጋሪ ላይ የተናገራቸው ሰው የለም። ቲማቲም ጨመሩ። ማንኪያውን መልሰው ደቀኑት።

"አሁንስ?"

"ገና ነው።"

ጨመሩ። ኦሬጋኖውን ከጨርቁ ቆንጥረው በመዳፋቸው አሽተው በተኑበት፤ እጃቸው ልኩን አልረሳም።

"አሁንስ?"

"አሁን ልክ ነው።"

ዶኛ ኩካ ዓይኗ ውስጥ ውሸት ፈለጉ። አገጯን ይዘው ወደ ብርሃኑ መልሰው ጭምር ፈለጉ። ቢኖርም የሚያጣሩበት ምላስ የላቸውም።

"እሺ" አሉ፣ ጭልፋውንም ለይሴኒያ ሰጧት።