እልልታ የዋጠው ጊታር

ዛሬ ደብረ ታቦር አንድ ሱቅ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታሬን እየሞከርኩ መብራት ጠፋ። ጊታሩ ግን አልቆመም።

የምሞክረው የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ነበር፤ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ነገ በእህቴ ሰርግ ልጫወት ጉና ተራራ እወጣለሁ። መኪና ካወረደን በኋላ መንገዱ በእግር ነው፤ እዚያ ደግሞ መብራት አልገባም።

"በቃ አገኘሁት" ብዬ ልከፍል ስል ባለሱቁ ሐጂ አስቆሙኝ።

"ቆይ ልጄ፣ ሱቅ ውስጥማ ሁሉም ይጮኻል" አሉና ከጎን ሱቅ የሰርግ ልብስ የሚገዙትን ሴቶች ጠሯቸው። "እስቲ አንዴ አጨብጭቡለት።"

ሴቶቹ ማጨብጨብ ብቻ መቼ በቃቸው፤ እልልታውን አቀለጡት። ጣቶቼ ክሩ ላይ ይሯሯጣሉ፣ እኔ ራሴ ግን ምንም አልሰማም።

ትልቁን አምፕሊፋየር እንዳልወስድ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ያለ መብራትም ትንፍሽ አይልም። ይኸው እስካሁን ሱቁ በር ላይ እንቆራጠጣለሁ።

ቢጨንቀኝ ለእህቴ ደወልኩላት። "ትንሹን ይዘህ ና፤ ቀስ ብለን እናጨበጭባለን" አለችኝ።

ሰርግ ላይ ቀስ ብሎ የሚያጨበጭብ የጉና ሰው አይቶ የሚያውቅ ካለ፣ ሐጂ ሱቃቸውን ሳይዘጉ ይንገረኝ።