የገጨውን ሰው የሚጠይቀው ሾፌር

ነርስ ጸሐይወርቅ የሰውየውን ስም አታውቅም። ካኪ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ቆቡን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዶቹ ክፍል ሲገባ ግን በኮቴው ትለየዋለች። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እግሩ ተሰብሮ የተኛውን ገበሬ የገጨው እሱ ነው።

አደጋው የደረሰው ከአዋሳ መውጫ ላይ ነበር። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ ሌላ መኪና እንዳይደርስባቸው መንገዱ ላይ ቅጠል ጣለ። የሚደማውን እግር በሸሚዙ አሰረ። ቁስለኛውን በመንገድ ሲያልፍ ባገኘው ላንድሮቨር ሆስፒታል ካስገባ በኋላም በእግሩ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። በዋስ ቢለቀቅም መንጃ ፈቃዱ እንደተያዘ ነው።

«ጓድ፣ የአገሩ ሰው ቢደርስብህ ይገድልህ ነበር እኮ! እንዴት አልሸሸህም?» አለው አንድ ቀን የሆስፒታሉ ዘበኛ።

«ዐይን ዐይኔን እያየኝ የት ልሂድ?»

ገበሬው አማርኛ አይሰማም፤ ሾፌሩም ሲዳምኛ አያውቅም። ብርቱካን እየላጠ ያቀብለዋል፤ ፀሐይ ሐይቁ ላይ እስክታዘቀዝቅም ሁለቱም በመስኮቱ እያዩ ይቆያሉ።

«ቤተሰብ የለዎትም?» ብላው ነበር ጸሐይወርቅ።

«ዕድሜዬን መንገድ ላይ ጨረስኩት» አላት።

ትናንት የገበሬው ዘመዶች መጥተው ወደ ቤቱ ወሰዱት። ዛሬ ሾፌሩ ሲመጣ አልጋው ተነጥፎ ባዶውን ነው።

«ድኖ አገሩ ገባ። እንግዲህ እርስዎም ከመመላለስ ዐረፉ» አለችው ደስ እንዲለው ብላ።

«ተመስገን» አለ። ከቆመበት ግን አልተነቃነቀም። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ጠያቂ የሌለው ሌላ በሽተኛ አይጠፋም?» አላት።