ከቴሜስካል እስከ አራተኛው ከበሮ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት፣ ኦክላንድ

ወደ ሳን ሆዜ የወጣነው አራት ሰዎች ነን፤ ዓላማችን ደግሞ አንድ ነው። ልጄ ጽጌ የገዛ ልጇን ከበሮ ስትመታ በዓይኗ እንድታይ።

የልጅ ልጄ ሊያ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ድራም ኮር ገብታለች። ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፤ እኔም ያወቅኩት በስተርጅና ነው። ከመቶ የሚበልጡ ወጣቶች ጥሩምባ፣ ከበሮና ባንዲራ ይዘው የእግር ኳስ ሜዳ ላይ እየተራመዱና ቅርጽ እየሠሩ ይጫወታሉ። ትምህርት የሚዘጋበትን ሰመር ሙሉ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይወዳደራሉ። እኔ ጡረታ ሳልወጣ ሳን ሆዜ ውስጥ የአንድ ስታዲየም ፓርኪንግ ጠባቂ ነበርኩ። አንድ ቀን ከኋላዬ ጥሩምባውንና ከበሮውን ድንገት ሲለቁት መፈንቅለ መንግሥት መስሎኝ ቶዮታ ሥር ገባሁ። መግባቱስ ባልከፋ፤ መውጣት አቃተኝና ሁለት የጥሩምባ ልጆች እግሬን ይዘው ጎተቱኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አምልጦኝ አያውቅም። ሊያን በልጅነቷ ይዣት የሄድኩትም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከማን እንደሚጀምር ግልጽ ነው።

ጽጌ ኮንኮርድ የምትኖር ነርስ ናት። ሊያ በሰመሩ ክላስ ወስዳ ለነርሲንግ እንድትዘጋጅ ነበር ሐሳቧ። ሊያ እምቢ አለች፤ ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። እኔም ከሁለቱም የሚመጣውን ቃል መራራውን እያወጣሁ፣ ስኳር እየጨመርኩ አሳልፋለሁ። ስኳሩ አንዳንዴ ይበዛል። ጽጌ በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦ "እሺ አባዬ፣ አንድ ጊዜ አየዋለሁ። ደህና ካልያዟት ግን የዚያኑ ዕለት ይዣት ነው የምመለሰው።" ሊያ ብትኮራም፣ እናቷ ፊት ለፊት ቆማ "ነይ" ካለቻት እንደምትመጣ አውቃለሁ።

ነገር ከከረረ ሽማግሌ ይሆናሉ ብዬ ሁለት ሰው ጨመርኩ። አንዱ የድሮ ጓደኛዬ ገረመው ነው፤ ሹፌር ነው፣ መኪናውም የሱ ነው። ሁለተኛዋ እኅት በላይነሽ ናት፤ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን አሰልጣኝ።

አንድ ተንኮልም ሠርቻለሁ። ትዕይንቱ የሚጀምረው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ግን ለሁሉም "ከቀኑ ስምንት ሰዓት" አልኳቸው። የእኛን አመል የሚያውቅ ይፈርድልኛል፤ ስምንት ያልከው ሰው አሥራ አንድ ላይ "መንገድ ላይ ነኝ" ይልሃል። ቅዳሜ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ አምስት ሰዓት ላይ ሦስቱም ቴሜስካል ሰፈር ደጄ ላይ ቆመዋል። ጽጌማ ከኮንኮርድ በባቡር መጥታ ሃያ ደቂቃ ጠብቃኛለች። እኔ ገና በፒጃማ ነበርኩ።

መንገድ ላይ

ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ቆመን ሳምቡሳ ገዛን፤ አንዱ ሦስት ዶላር ሆኗል። ገረመው የሰኔን ጾም ስለያዘ የምስሩን ብቻ አነሣ። ሀይዌዩ ላይ እንደወጣን እኅት በላይነሽ ከቦርሳዋ ቅቅል እንቁላል ታወጣ ጀመር።

"በሐዋርያት ጾም እንቁላል እያሸተትኩ ልንዳ?" አለ ገረመው።

"መስኮቱን ይክፈቱት፣ ወንድም ገረመው። ሐዋርያትም ነፋስ አይጠሉም።"

ኦክላንድ ጉም ነበር፤ እኔም ሹራብ ደርቤያለሁ። ወደ ደቡብ ስንወርድ የወደቡን ኮንቴይነር የጫኑ ካሚዮኖች ግራና ቀኝ አጀቡን። ሄይዋርድን ስናልፍ ሰማዩ ተገለጠ፤ ፍሪሞንት ላይ ኮረብታው ሁሉ ደርቆ የበሰለ ጤፍ መስሏል። ሳን ሆዜ ስንገባ ሹራቤን ሳወልቅ ከመነጽሬ ጋር ተጠላልፎ ጭንቅላቴ ውስጡ ቀረ። ያወጣችኝ ጽጌ ናት። ሳቀች። ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሰባት ተኩል፣ ሳን ሆዜ

ስታዲየሙ ዝግ ነው። ፓርኪንጉ ላይ ከእኛና ከአንድ ዘበኛ በስተቀር ማንም የለም። ዘበኛው በሩ የሚከፈተው አሥራ አንድ ተኩል ላይ መሆኑን በትሕትና ነገረን።

"አባዬ፣ ስምንት ሰዓት አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ?"

"ትዘገያላችሁ ብዬ ነዋ።"

ገረመው ሣቁን መያዝ አቃተው። "በዕድሜያችን አንድ ቀን ሰዓት ብናከብር ይኸው ተቀጣን!"

እኔ ግን አልሣቅኩም። ከሁለት መንገድ ማዶ፣ ከአንድ ሃይስኩል ግቢ፣ ከበሮ ይሰማል። የሊያ ቡድን ልምምድ ላይ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ጽጌ እንድታየው የማልፈልገው ነገር አለ። በሚያዝያ ሊያን ለመልቀቅ ስታመነታ "የት ነው የምትተኛው?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔም ሳላስብ "ዶርም አላቸው፤ ለሁለት አንድ ክፍል፣ አልጋ ከነአንሶላው" አልኳት። የድራም ኮር ልጆች የሚተኙት ግን በየደረሱበት ትምህርት ቤት ጂም ወለል ላይ ነው፤ ሌሊት ሲጓዙ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ።

"እስከዚያ ኩፐርቲኖ ሄደን ትልልቆቹን የኮምፒውተር ኩባንያዎች ላሳያችሁ" አልኩ።

"በሳምንት ስድስት ቀን ሰው የማመላልሰው እዚያ ነው" አለ ገረመው። "የቱን ግድግዳ ልታሳየኝ ነው?"

ጽጌ አልሰማችንም። ጆሮዋን አዘንብላ ቆማለች። "ይሄ ከበሮ የነሊያ ነው?" አለችና መንገዱን ተሻገረች። እኛም ተከተልናት፤ እኔ በጣም ከኋላ።

ስምንት ሰዓት፣ የሃይስኩሉ ሜዳ

ሜዳው ይግላል። ሊያ ሆዷ ላይ ከራሷ የሚበልጥ ከበሮ ተሸክማ፣ ከአራት ጓደኞቿ ጋር እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየሄደች ትመታለች። አሰልጣኙ "አጌይን" ይላል፤ ሁሉም ሮጠው ወደነበሩበት ይመለሳሉ። "አጌይን።" ይመለሳሉ።

"ብርድ ልብስ እጠፊ ስላት ለአንድ ጊዜ ሦስት ቀን ይፈጅባታል" አለች ጽጌ፣ ግማሽ ተገርማ፣ ግማሽ ተናዳ። ከዚያ ሽንት ቤት ጠየቀች። አንዲት በጎ ፈቃደኛ ሴትዮ እየሣቀች ወደ ጂሙ በር ጠቆመቻት። "እኔ የተሻለ አውቃለሁ" ብዬ ስነሣ ጉልበቴ ከዳኝ። ጉልበቴ ሁልጊዜ ከእውነት ጋር ነው የሚወግነው።

ስትመለስ አረማመዷ ተለውጧል።

"አባዬ፣ ዶርሙን አየሁት።"

ጉልበቴን ማሸት ጀመርኩ።

"ሐምራዊው ብርድ ልብሷ ሲሚንቶ ላይ ተነጥፏል። እኔ የገዛሁላት!"

"እንጨት ነው እንጂ ሲሚንቶ እንኳ አይደለም" አልኩ። ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌዎቼን ብፈልጋቸው ገረመው ሰማይ ሰማይ ያያል፤ እኅት በላይነሽ የእንቁላል ልጣጭ ትሰበስባለች።

የውሃ ዕረፍት ሲሆን ጽጌ ሜዳው ዳር ሄዳ ሊያን ጠራቻት። ከበሮውን አስቀምጣ መጣች። ሰላምታ የለም።

"ጫማሽን አውልቂ።"

"ማሚ፣ አይም ፋይን።"

"አውልቂ አልኩሽ።"

ሊያ ሣሩ ላይ ተቀምጣ አወለቀች። ሁለቱም ተረከዝ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል፤ ላዩ ላይ ቴፕ እንደነገሩ ተለጥፏል። ጽጌ የቴፑን ጫፍ ገልጣ አየችው። "ልብስሽን ሰብስቢ። እንሄዳለን።"

ሊያ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞረች፤ ከእናቷ ጋር መነጋገሪያዋ እኔ ነኛ። እኔ ግን የምጨምረው ስኳር አልቆብኝ ነበር።

ያኔ ዕረፍቱ አለቀና አሰልጣኙ አጨበጨበ። አምስቱ ትልልቅ ከበሮዎች እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው፤ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ። ዜማው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ አንድ ሰው ብቻውን የሚመታው ይመስላል። የሊያ አራተኛው ነው፤ አሁን ሣር ላይ ተጋድሟል። ድም፣ ዱም፣ ዶም፣ ባዶ፣ ዷም።

እኅት በላይነሽ ብድግ አለች። "ኧረ ጎደለ! አንድ ሰው ጎደለ!"

"አጌይን" አለ አሰልጣኙ። ድም፣ ዱም፣ ዶም፣ ባዶ።

"የእኔ መዘምራን ውስጥ አንዷ ብትቀር ሌላዋ ትሸፍናለች" አለች እኅት በላይነሽ። "ይሄ ግን ገደል ነው።"

ሊያ ባዶ እግሯን ተቀምጣ በመዳፏ ጭኗን መታች፤ አንዴ፣ በትክክል ባዶው ቦታ ላይ። ዜማው ሲደገም እንደገና መታች። ፊቷ ወደ ሜዳው ነው፤ እጇ ብቻውን ነው የሚሠራው። ጽጌ እጇን አየችው።

"ለምን ሌላ ሰው አይመታውም?" አለቻት። በሁለት ወር ውስጥ ያለ እኔ የጠየቀቻት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

"ሌላ ሰው የለም፣ ማሚ" አለች ሊያ በአማርኛ። ከዚያ አማርኛው አለቀባት። "ፓርቱ የኔ ነው። እኔ ሊቭ ካደረግኩ፣ እስከ ኦገስት እንዲህ ነው የሚጫወቱት።"

ጽጌ ሃያ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ሠርታለች። አንድ ሰው ሲጎድል ፈረቃው ምን እንደሚመስል ከእኛ ሁሉ የምታውቀው እሷ ናት። ተንበረከከች፤ ከቦርሳዋ የቁስል ማሰሪያ ጓዟን አወጣች። "ይሄን ቴፕ ማነው የለጠፈው? ይሄ ሳጥን ማሸጊያ ነው!" እያለች አጥባ፣ አድርቃ፣ በሥርዓቱ ጠቀለለችው። ከዚያ ጫማውን ራሷ አጠለቀችላት።

"ሂጂ" አለች። "ማታ ታጠቢዋለሽ፤ ጠዋት ትቀይሪዋለሽ። ፎቶ እያነሣሽ ለእኔ ትልኪያለሽ። ለአባዬ አይደለም፣ ለእኔ።"

ሊያ ሮጠች። ጽጌ ወደ እኔ ዞረች። "አንተን ገና አልጨረስኩህም።"

ምሽት፣ ስታዲየሙ

የሊያ ቡድን በተራው ሦስተኛ ሆኖ ወደ ሜዳ ገባ፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ገረመው ኦቾሎኒ እየላጠ "ሠርግ ላይ ያልሰማሁት ምን ከበሮ አለ" ይላል። ከዚያ ጥሩምባዎቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆይተው በአንድ ጊዜ ወደ እኛ ዞሩና ለቀቁት። ድምፁ ደረታችንን መታው። ኦቾሎኒው ተደፋ። እኅት በላይነሽ "ሃሌ ሉያ!" ብላ ተነሣች።

"ጴንጤዋ ጀመረች" አለ ገረመው፤ እሱም ግን ቆሟል። እኔ ይህን እንዲያዩ ዓመታት ለምኛቸዋለሁ፤ ጎኔን እስኪያመኝ እየሣቅኩ አጨበጨብኩ።

ጽጌ አልቆመችም። ጥሩምባውንም ባንዲራውንም አላየችም። ከበሮዎቹ ብቻቸውን የሚመቱበት ቦታ ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና በአንድ ጣቷ ጉልበቷን ነካች፤ አራተኛው ላይ። ሞላ። ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት።

ከነሊያ ትዕይንት በኋላ አውቶቡሶቹ አጠገብ ሊያ ሁላችንን አቀፈችን። እኔ ጋ ስትደርስ በጆሮዬ "አባባ፣ የሚመጣው ዓመትም፣ ኔክስት ይር፣ ወደ ኮሩ እመለሳለሁ። ለማሚ አንተ ንገርልኝ፣ ፕሊስ" አለችኝ።

ወደ ቤት

ጽጌ ጠዋት ሥራ ስላላት ቀሪዎቹን ቡድኖች ሳናይ ተነሣን። ገረመው መንገዱን ሁሉ መሪውን በጣቱ እየደበደበ "የማይረባ ምት ነው" እያለ ሊይዘው ይሞክራል። ከኋላ እኅት በላይነሽ አንቀላፍታለች። ሄይዋርድ ጋ ጽጌ በቀስታ ጠየቀችኝ።

"አባዬ፣ ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?"

አለ። ገና አንድ ሰዓት ያልሞላው ትኩስ ነገር። ልናገር አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

"ተው። ካለም እሷ ትንገረኝ። ወለል ላይ እንደምትተኛ እሷ ብትነግረኝ እጮህ ነበር፤ ጮኼ ግን ደህና ፍራሽ እገዛላት ነበር። አንተ ስላሳመርከው ተረከዟ እስኪፈነዳ አላወቅኩም።"

ሰውን ላለማስከፋት ብዬ የማሳምረው ወሬ፣ ቁጣውን ቢያስቀርም፣ ከቁጣው ኋላ የሚመጣውን ፍራሽም ያስቀራል። ይህን ለመማር እስከ ሳን ሆዜ መሄድ ነበረብኝ።

ቤት ስገባ ሊያ ደወለች። "ነገርካት?"

"አልነገርኳትም። ራስሽ ደውዪላት።"

"አባባ!"

"ትጮህብሻለች። ደውዪላት።" ብዬ ሐሳቤን ሳልለውጥ ስልኩን ዘጋሁት።

እሑድ ጠዋት ጽጌ ጋ ደወልኩ፤ አላነሣችም። ሊያ ጋ ደወልኩ፤ እሷም አላነሣችም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከጽጌ ቴክስት መጣ፦ "አባዬ፣ በሥራ ብሬኬ ከሊያ ጋር እያወራሁ ነው። ቆይ።"

ይኸው እየቆየሁ ነው። ይህን ሁሉ የጻፍኩት እየቆየሁ ነው።