ወንድሟን ሳታስፈቅድ

ሰፈሩ «ዶክተሯ» ይላታል። ሥራዋ ግን ልብስ ስፌት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መቀሷን አስቀምጣ ከጓደኞቿ ጋር በየወጣት ማዕከሉ እየዞረች ስለ አእምሮ ጤና ታስተምራለች፤ «የከበዳችሁን ነገር አትደብቁ» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ አዳራሹ ቀዘቀዘባት። ግማሹ ስልኩን ይነካካል፣ ግማሹ ያዛጋል። ያኔ «የኔ ታናሽ ወንድም አምና ራሱን ሊያጠፋ ነበር» የሚል ቃል ከአፏ አመለጣት። ሁሉም ቀና አለ። ዝምታው ጣማትና ቀጠለች፤ ሆስፒታል መክረሙን፣ እስካሁን መድኃኒት መዋጡን፣ አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው። ሞቅ አድርገው አጨበጨቡላት።

ወንድሟ እንጨት ቤት በመጋዝ ማሽን ይሠራል። ወሬው ሳይውል ሳያድር አሠሪው ጆሮ ገባ። «ለጊዜው ከማሽኑ ራቅ በል፤ ጠረጴዛ ቀለም ቅባ» አለው።

ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። «ማን ነው የነገራቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ሌላ ልጅ ቢድን ብዬ ነው።»

«የኔን ገበና? መጠየቅ አቃተሽ?»

ሌላ ጊዜ «እታለም» ነበር የሚላት። ያን ቀን አላላትም።

ሰንብታ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀችው፦ «አሠሪህን ላነጋግርልህ ወይስ ይቅርብኝ?»

ብዙ አሰበና «አብረን እንሄዳለን። አንቺ ግን ትንፍሽ እንዳትይ» አላት።

አሠሪው ፊት አንገቷን ደፍታ ቆመች። ወንድሟ ራሱ ተናገረ፦ «ጋሼ፣ ታምሜ ነበር። ሕክምናዬን እየተከታተልኩ ነው፤ ሐኪሜም በማሽኑ መሥራት ትችላለህ ብሎኛል። የከበደኝ ቀን ራሴ ቀድሜ እነግርዎታለሁ።»

ሰውየው ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ እንኳ ክፉ አስቤ አይደለም ልጄ፤ ፈርቼ ነው። አንተን መጠየቅ ነበረብኝ» አለና ወደ ማሽኑ መለሰው። ንግግሩ እሷንም ወጋት።

አሁንም ታስተምራለች፤ አዳራሹ ሲቀዘቅዝባት እንደቀዘቀዘ ትተወዋለች። ወንድሟም ሥራ ላይ ነው፤ ሲስቅም ትሰማዋለች። ድሮ ግን ሲከፋው አልጋዋ ጫፍ ቁጭ ብሎ የሆዱን ያጫውታት ነበር። አሁን «እንዴት ዋልክ?» ስትለው «ደህና» ይላትና ወደ ክፍሉ ይገባል። እውነቱን ይሁን አይሁን አታውቅም። ደግማ እንዳትጠይቀው አፏን ያዝ ያደርጋታል።