ቀጥ ያለው ታርጋ

ሴትየዋ የዳቦ ማመላለሻ መኪናዋን ቦሎ ልታሳድስ ነበር ትራንስፖርት ቢሮ የመጣችው። የወረፋውን ርዝመት አየች። "ዛሬስ ዳቦው ደርቆ ነው ደንበኛ ቤት የሚደርሰው" እያለች መቀመጫ ስትፈልግ፣ ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ የምታውቀው ግራጫ ኮፍያ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከኮፍያው ሥር ያሉት ሰው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቀኝ እግራቸው ግን አልተኛም፤ ግቢው ውስጥ መኪና በተንቀሳቀሰ ቁጥር መሬቱን ጫን ያደርጋል።

"ጋሼ ቀስ!" አለች። አምልጧት ነው እንጂ ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ የሚጠራቸው የለም።

"በዚህ ስም የሚጠራኝ ያስተማርኩት ሰው ብቻ ነው" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "የትኛዋ ነሽ?"

"የዳቦ ቤቷ ነኝ፣ ጋሼ።"

"አሃ፣ የመኪናዬን ፍሪሲዮን አቃጥለሽ የበላሽው!"

"ኧረ በሞቴ! አሁንም አልረሱትም?"

"ምኑን ልርሳ፣ ሽታው እስካሁን አለ" ብለው ጠጋ አሉና ቦታ ለቀቁላት።

የማሽከርከር አሠልጣኝ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከአፋቸው የሚወጣው "ቀስ፣ ቀስ በል፣ ቀስ በይ እንጂ!" ስለሆነ ነው። ድሮ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር። አገር ላገር ሲዞሩ ልጆቻቸው ሳያዩዋቸው አደጉ። አንድ ቀን ትንሿ ልጃቸው በር ከፍታ "እማዬ፣ ሰው መጥቷል" ብላ ስትጣራ ሰሙና፣ በማግስቱ ቁልፉን ለመኪናው ባለቤት መለሱ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው እያደሩ የሚሠሩት ሥራ ይሄው ማስተማር ነው። በማሠልጠኛ መኪና ውስጥ በአስተማሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ ቀኝ እግራቸው እሱ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ልማዱ ቤትም ድረስ ተከትሏቸው፣ ባለቤታቸው ወሬ ሲያፈጥኑባቸው ወለሉን ይረግጣሉ ይባላል።

"እና ዛሬ ምን እግር ጣለዎት?" አለች ሴትየዋ።

"ቅጣት።"

"ምን አጥፍተው?"

"ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር።"

ሳቋን መያዝ አቃታት። "እርስዎ? እኔ አራተኛ ማርሽ መኖሩን እንኳ ከሰው ነው የሰማሁት፣ እርስዎ መቼ አሳይተውኝ!" ቀና ስትል ግን እሳቸው አልሳቁም። ዓይናቸው ሥር ጥቁር ብሏል፤ ጺማቸውን የተላጩት በጥድፊያ ነው። ሳቋን ዋጠችው።

ደጋግሞ ከማውራት ብዛት በደከመ ድምፅ ነገሯት። ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው፣ ቁርጥ የእሳቸውን የመሰለ ነጭ መኪና ይዞ፣ በእሳቸው ቁጥር ታርጋ አሠርቶ ለጥፏል። እሱ ይበራል፣ ካሜራ ያነሳዋል፣ የቅጣቱ መልእክት የሚመጣው ግን እሳቸው ስልክ ላይ ነው። ስልካቸው ጢን ባለ ቁጥር አንድ ቅጣት ተጨመረ ማለት ነው።

"አንድ ቀንማ" አሉ፣ "እኔ ሜዳው ላይ የልብስ ሰፊውን ልጅ ወደ ኋላ አስነዳለሁ። እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ድልድይ ላይ ስበር ተያዝኩ።"

"እና አይነግሯቸውም?"

"ነገርኩ እንጂ። አንደኛው መስኮት ወደ ሌላው ይልከኛል፤ ያኛው ደግሞ ኃላፊው ሳይፈርም አልነካውም ይላል፤ ኃላፊው ስብሰባ ነው። 'ጣሪያዬ ላይ ለማጅ የሚል ሰሌዳ አለ፣ ፎቶው ላይ የለም' አልኩ። 'ሰሌዳ ይነቀላል' አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይነቀላል።"

የሚያንገበግባቸው ቅጣቱ አልነበረም። ጥፋት የበዛበት ሰው ማስተማር አይፈቀድለትም፤ የማሠልጠኛ ፈቃዳቸው የሚታደስበት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ዛሬ ነው። ካልታደሰ ተማሪዎቹ ከነገ ጀምሮ ለሌሎች ይከፋፈላሉ።

"በዚህ ዕድሜዬ ከባድ መኪና ላይ ልመለስ?" አሉ። "ወይስ ቤት ቁጭ ብዬ ሚስቴን ላሰልቻት?"

"ማስረጃ የሚሆን አንድም ነገር የለዎትም?"

"ነበረኝ።" ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። "ምሰሶዋን ታስታውሻለሽ?"

እንዴት ትረሳለች! መለማመጃው ሜዳ ጥግ ላይ የቆመች የብረት ምሰሶ ናት፤ ተማሪዎች "ፈታኟ" ይሏታል። ወደ ኋላ መንዳት የሚማር ሁሉ አንድ ቀን ሳይገጫት አያልፍም። ከዚህ የተነሳ የመኪናው የኋላ ታርጋ መሃሉ ላይ እጥፍ ብሎ፣ ሰባት ቁጥሯ ወገቧን የያዘች አሮጊት መስላ ነበር። ካሜራው ያነሳው ታርጋ ግን ቀጥ ያለ ነው። ጋሼ ይህን ያስተዋሉት በቅርቡ ነው፤ ሲያመለክቱም "መኪናውን ይዘው ይምጡና እናያለን" ተባሉ።

"ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ" አሉ። "ግን ስለ ታርጋ ማውራት ሰልችቶኝ ነበር፤ ለሚስቴ 'ነገ መኪናዬን ያዩታል' ብቻ ብዬ ጋደም አልኩ። እሷ ለወንድሟ ደወለች። የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃና ባትላሜራ ሠራተኛ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው። 'ጋሼ በዚህ ቆርቆሮ ባለሥልጣን ፊት ሊቀርቡ?' ብሎ መዶሻውን ይዞ መጣ።"

"እንዳይሉኝ!"

"ቀጥ! ታርጋውንም፣ የኋላ መከላከያውን ፓራውልቱንም ቀጥ አድርጎ፣ ቀለም ቀብቶ። ጠዋት ወጥቼ ሳየው አንጀቴ ቅጥል አለ። እሱ በር ላይ ቆሞ ምስጋና ይጠብቃል።"

"ምን አሉት ታዲያ?"

"ምን እላለሁ? እጅህ ይባረክ አልኩት።"

ተቆጣጣሪው ዛሬ ጠዋት ወጥቶ ፎቶውንም መኪናውንም አይቶ "አባት፣ ምንም ልዩነት የለውም እኮ" ብሏቸው ገብቷል። ከዚያ ጀምሮ ወደ ቤት ሳይሄዱ እዚሁ ተቀምጠዋል።

ሴትየዋ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። "ፈተና ያለፍኩ ዕለት፣ ጋሼ፣ ያኔ ቅጣት መጥቶብዎት ነበር?"

"ያን ዕለትማ እንዴት ይረሳኛል! አንቺ ስትጨፍሪ ጢን አለብኝ። ደስታሽን ላላበላሽ ዝም አልኩ እንጂ፣ ያን ቀን ጠዋት ነው ቀይ መብራት የጣስኩት።"

ፎቶውን አገኘችው። ልጇ ያነሳቻት ነው። እሷ የመኪናው ኋላ ላይ ተደግፋ ጥርሷ በሙሉ ይታያል፤ ከጉልበቷ አጠገብ ያቺ ወገቧን የያዘች ሰባት አለች። ቀኑም ስልኩ ላይ ተጽፏል።

ጋሼ ስልኩን ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት። "ተይው ልጄ" አሉ። "ደግሞ ሌላ መስኮት ይልኩኛል። ደክሞኛል።"

"ይነሱ። ቀስ ብለው ይነሱ፣ ግን ይነሱ!" ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። ወረፋው አጉረመረመ፤ እሷም "እኔም ወረፋዬን ትቼ ነው፣ አትቆጡ" እያለች አለፈች።

ተቆጣጣሪው ፎቶውን በሁለት ጣቱ ከፈት አድርጎ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት ካሜራው ካነሳው ጋር አስተያየው። ፊቱ ተለወጠ። "ይሄን ታርጋ እንዲህ ያደረገው ማነው?"

"እኛ ነን።"

"እናንተ እነማን?"

"ጋሼ ያስተማሩን ሁሉ። እኔ ሁለቴ መትቼዋለሁ።"

"እዚህ መስኮት ላይ ሰው በገዛ ጥፋቱ ሲመሰክር ዛሬ ገና አየሁ!" አለ ከኋላ አንዱ፤ ወረፋው ሳቀ። ሲያጉረመርሙ የነበሩት ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው ስልኩን ለማየት ተጋፉ።

ኃላፊው ከስብሰባ እስኪወጣ ዳቦው በእርግጥም ደረቀ። ከወጣ በኋላ ግን ብዙ አላወራም። ፈቃዳቸው ማጣራቱ እስኪያልቅ ተራዘመ። ቅጣቶቹ አልተሰረዙም፣ ታገዱ። ታርጋው ይቀየራል፤ እስኪቀየር ድረስ ያስቆማቸው ትራፊክ ሁሉ አይቶ የሚያሳልፋቸው ወረቀት ተሰጣቸው። ነጩ መኪና አልተያዘም፤ የት እንዳለም የሚያውቅ የለም። ጋሼ "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ወጡ። ደስ ያላቸው አይመስሉም፤ ሸክሙን ለጊዜው መሬት ያስቀመጠ ሰው ይመስላሉ።

ሴትየዋ እስከ መኪናቸው ሸኘቻቸው። የሷ ቦሎ ለነገ ቀርቷል።

"ያ ባለ ነጭ መኪና ሲያዝ እንዳይለቁት ጋሼ! ይክሰሱት! በፍርድ ቤት ያስለቅሱት!"

"ክሱ የፖሊስ ሥራ ነው" አሉ በሩን ከፍተው እየገቡ። የመቀመጫውን ቀበቶ አሠሩ፣ ስፖኪዮውን አስተካከሉ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረጉላት። "እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። መንዳት ያስተማረህ ማነው እለዋለሁ። 'እርስዎ ነዎት' እንዳይለኝ ብቻ ነው የምፈራው።"